ያለቀሰ ሰው አይጠጣም

ጋምቤላ፣ ኅዳር ፲፬ ቀን ፲፱፻፷፩ ዓ.ም.

ለአበልጄ፣

እንደምን ከርመሻል? የጎሬ ብርድ እንዴት ይዞሻል? ጉልበትሽስ ተሻለው? የክርስትና ልጄን ሳሚልኝ፤ ዘንድሮ ስንተኛ ክፍል እንደገባች እንኳ አላውቅም። እኔ ለክፉ የሚሰጥ ነገር የለብኝም። ባሮ ጎድሎ አሸዋው ወጥቷል፤ ሙቀቱ እንደምታውቂው ነው።

ጽሕፈቱ ወዲያና ወዲህ ቢል አትሳቂብኝ፤ የራሴ እጅ ነው። መምህር ኤልያስ ከሰዓት በኋላ ትልልቅ ሰዎችን ያስተምራል ሲሉ ሰምቼ፣ በዚህ ዕድሜዬ የልጆች አግዳሚ ላይ ተቀመጥሁ። ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። እማማ፣ ጣልያንኛውን ያለ ፊደል እንደ ውኃ ጠጥተውት አማርኛው ምን አደረገዎት እያለ ያሾፍብኝ ነበር። እውነቱን ነው። ጣልያንኛውን የያዝሁት በጠላት ጊዜ ጎሬ የአንድ መኮንን ሚስት ልብስ ሳጥብ ነው፤ በጆሮዬ ብቻ።

ክበቡ ውስጥ የጣልያን ፊልም ምሽት የቆመው በዚያ ጆሮ ነበር። በሪሁን የፊልሙን መሣሪያ ሲያንቀሳቅስ፣ እኔ መጋዘኑ ግድግዳ ላይ ከተወጠረው አንሶላ ጎን ቆሜ ተዋንያኑ የሚሉትን ለሕዝቡ በአማርኛ ስናገር፣ አንቺ ከባንኮኒው ጀርባ ቬርሙቱን ከሶዳና ከሎሚ ጋር ስትቀላቅዪ ይታየኛል። የመንግሥት ሠራተኛው ሹል ጫማ አድርጎ፣ በጨለማ ጥቁር መነጽር ሰክቶ ይመጣ ነበር። ሴቶቹ ፊልሙ ላይ ያዩትን ወገበ ጠባብ ቀሚስ በሳምንቱ አሰፍተው ይለብሱት ነበር።

የመጀመሪያውን ፊልም እንዳለ ተናገርሁ። ሴትዮዋ ባሏን ትታ በባቡር ስትሄድ፣ ሄደች፣ አትመለስም አልሁ። ሴቶቹ አለቀሱ፤ ወንዶቹም አንገታቸውን ደፍተው ወደየቤታቸው ገቡ። አንቺ ያልተከፈቱ ጠርሙሶችሽን እያየሽ፣ አበልጄ፣ ያለቀሰ ሰው አይጠጣም፣ ትንሽ ብታለሳልሺው ምን አለበት አልሽኝ። አለሳለስሁት። ከዚያ ወዲያ በእኔ አፍ የሄደች ሴት ሁሉ እናቷን ጠይቃ የምትመለስ ሆነች። የሞተውም ሁሉ ለጊዜው የታመመ ብቻ ሆነ። የነቃብኝ ዘበኛው ኦቹዶ ብቻ ነበር። «ሰውዬው ብዙ አወራ፣ አንቺ ትንሽ አወራሽ፣ ሌላው የት ገባ?» ብሎ በሰው ፊት ቢጠይቀኝ ክበቡ በሳቅ ፈረሰ። አንቺም ስቀሽ አንድ ብርጭቆ በነጻ ሰጠሽው።

በሪሁን አስመራ ሲኒማ ቤት ሥራ አግኝቶ ሲሄድ፣ በመካከላችን ምን እንደነበረ ከአንቺ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። የቄስ ልጅ ነሽና ደብዳቤውን አንቺ ታነቢልኝ ነበር። ሦስት መጡ። የመጀመሪያው ሰላምታ ብቻ ነው አልሽኝ። በሁለተኛው ሥራ በዝቶበታል። አምላክ ያግዝህ ብለሽ ጻፊልኝ አልሁሽ። ሦስተኛውን አንብበሽ እጄን ያዝሽና፣ አግብቷል፣ እርምሽን አውጪ አልሽኝ። አብረሽኝም አለቀስሽ።

ባለፈው ነሐሴ ሣጥኔን ከፍቼ ሦስቱንም አነበብኋቸው። አንዱ ገጽ ግማሽ ቀን ወሰደብኝ፤ የተሳሳትሁ መስሎኝ ደግሜ ከላይ ጀመርሁ። በመጀመሪያው፣ ሁለት ክፍል ቤት ተከራይቻለሁ ይላል። በሁለተኛው፣ የምትመጪበትን ቀን ብቻ ንገሪኝ። ሦስተኛውን ቃል በቃል ልጻፍልሽ፦ «እዚሁ ደስ ብሎኛል፣ አትጠብቀኝ ያልሽው ደርሶኛል። እኔ ግን ሌላ ሴት ቤቴ አላስገባም። ሐሳብሽ ከተለወጠ መጻፍ አያስፈልግሽም፤ መምጣት ነው።»

ከዚያ ወዲያ በስሜ ምን እንደጻፍሽለት እግዚአብሔርና አንቺ ታውቃላችሁ።

ለምን ይሆን ብዬ ብዙ አሰብሁ። ሰውየውን ለራስሽ ፈልገሽው ቢሆን ይገባኝ ነበር፤ ሴት ነኝ። ነገሩ ግን ሌላ ነው። ጋምቤላ ውስጥ ከእኔ ሌላ ጣልያንኛ የሚያስረዳ አልነበረም። እኔ ከሄድሁ ምሽቱ ይቀራል፤ ምሽቱ ከቀረ ባንኮኒሽ ይዘጋል። በቬርሙት ለወጥሽኝ። ማለሳለሱን ከእኔ ተምረሽው ይሆናል፤ ይህን አልክድም። እኔ ግን ያለሳለስሁት አንሶላ ላይ ያሉ ሰዎችን ኑሮ ነው። አንቺ የእኔን።

ያለፈው ቅዳሜ ፊልሙን እንዳለ ተናገርሁ። ሰውየው ሴትዮዋን ባሕር ዳር ጥሏት ሄደ፤ ጥሏት ሄደ አልሁ። መብራቱ ሲበራ ወደ ባንኮኒው የተነሣ አልነበረም። አንቺ ጎሬ ከገባሽ ወዲህ ባንኮኒውን የያዘው የክበቡ ኃላፊ አቶ ጌዴዎን፣ እማማ፣ ዛሬ ምን ነካዎት፣ ገበያዬን ገደሉት እኮ አለኝ። ሌላ ሰው ፈልግ አልሁት።

ለዚህ ደብዳቤ መልስ በመጻፍ አትድከሚ፤ እዚህ የሚቀበለው ሰው የለም። አልጋዬንም ሸጫለሁ። አስመራ በታኅሣሥ ይበርዳል ይላሉ። ከሸሪፍ ሱቅ ሁለት ጋቢ ገዝቻለሁ።

ልጅሽን እግዚአብሔር ያሳድግልሽ፤ ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ። ጉልበትሽንም ይማርልሽ። ይቅርታውን ለፋሲካ አቆይቼዋለሁ፤ እስከዚያ ያድርሰን።

የልጅሽ የክርስትና እናት