ማርያምን የሚጠራልኝ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 4/77
ውሃ ቀዳሁ። ሹሮ ሠራሁ። አልማዝን አብልቼ አስተኛሁ። ከዚያ በኋላ ቤቱ ዝም።

ደብተሬ፣ እንዴት ዋልሽ? ማታ ማታ ፊደል ተምሬ ምስክር ወረቀት ካገኘሁ ወዲህ የማወራው ካንቺ ጋር ነው። ከክፍሉ አንደኛ እኔ ነኝ። አስተማሪው ሁለተኛ ብሎኛል፤ አንደኛዋ ግን ድሮ ቄስ ትምህርት ቤት ገብታለች፣ አትቆጠርም።

ባለቤቴን ጦሩ አፍደም ልኮታል። ሆዴ ከኔ ቀድሞ በር ይገባል።

ዛሬ ሐኪሙ ጠባሳዬን ዳሰሰ። አልማዝን በኦፕራሲዮን ስለወለድሽ ቤት መውለድ አይሞከርም፣ ጠባሳው ሊተረተር ይችላል አለ። ምጥ ሲጀምርሽ ቶሎ ነይ አለኝ። እሺ አልኩ። እሺ ማለት ምን ይከብዳል።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 8
ሁለቱንም የቀመስኩ በዚህ ሰፈር እኔ ብቻ ነኝ። ፕሮፌሰር በይኝ።

የመጀመሪያውን ጎጃም፣ እናቴ ቤት። ሁለት ቀን አማጥኩ። ሞቼ ነበር ማለት ይቻላል። ግን እናቴ ከኋላ አቅፋኛለች፣ ሴቶቹ ማርያም ማርያም ይላሉ። ወንድ መሆኑን ያወቅሁት በእልልታው ቁጥር ነው። እሱን እዚያው እናቴ ታሳድገዋለች።

አልማዝን እዚህ ጅጅጋ፣ ሆስፒታል። ሕመሙን አላየሁትም። ስነቃ ማንም የለም። የልጅቷ እጅ ላይ ፕላስተር፣ ፕላስተሩ ላይ ጽሑፍ። ያኔ ማንበብ አልችል። የኔ ትሁን የሰው፣ እስኪነጋ አፍጥጬባት አደርኩ። እልል ያለልኝ የለም።

ቢላዋውን አልፈራም። ትንሽ እፈራለሁ። የባሰው ያ ዝምታ ነው።

ቤቴ እወልዳለሁ። አለቀ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 12
ሶማሌዋ ጎረቤቴ ሆዳን አዋላጅ አመጣችልኝ። ኤዶ ፋጡማ፣ አክስቴ እንደማለት ነው፣ የሶማሌውን ሰፈር ሁሉ ያዋለደች አሮጊት። ሆዴን በሰሊጥ ዘይት ስታሸኝ ቀለድኩ፣ ሳቅን። ጠባሳው ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ። በሶማልኛ ለሆዳን ነገረቻት። ይህን እኔ አልነካም፣ ሐኪም ቤት ትሂድ ነው ያለችው።

አለቀስኩ። ጉረኛዋ አለቀሰች፣ ጻፊው። ሆዳን ሐኪም ቤት ምን አደረገሽ አለች። ሰው አያስገቡ፣ ማርያምን የሚጠራልኝ የለ አልኩ።

«አባዮ፣ እህቴ፣ መርየም እኮ እኛም ዘንድ አለች። ከመስኮቱ ሥር ቁጭ ብዬ እጠራልሻለሁ።»

ዘበኛው ያባርርሻል አልኳት።

«እኔን? እስቲ ይሞክራ!»

ከኔ የባሰች ጉረኛ አገኘሁ።

አርብ፣ ኅዳር 21፣ ጧት
ጀመረኝ። በማርያም ቀን! ቀኑን ራሴ የመረጥኩ ነው የሚመስለው። አልማዝን ኤዶ ፋጡማ ወስዳታለች። ሆዳን ጋሪ ልትጠራ ሄደች።

መጣ። ቆይ።

አለፈ።

ሆስፒታል እሄዳለሁ። አሁን የምር ነው። እርሳሴን ይዣለሁ። የዚህን ልጅ ፕላስተር ራሴ ነኝ የማነበው። ስሜን ከሳቱ አርማለሁ።

ጋሪው ደረሰ። ሆዳን ገና ከበሩ መርየም መርየም ትላለች። ሰፈሩ ወጥቷል። ኧረ ቆይ አንቺ፣ መስኮቱ ጋ መቼ ደረስን!