መኝታ ቤታችንን ፋብሪካ ላደረጉልን ሥራ አስኪያጅ

ለተከበሩ የኤሌክትሪክ አገልግሎት ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ፤
ባሉበት።

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ከርመዋል እያልኩ፣ ጤናዎ የተሟላ፣ ወንበርዎ የሚመች፣ አሳንሰርዎም መሀል ላይ የማይቆም እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ ከመሥሪያ ቤትዎ ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ ባለው አሮጌ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ የምኖር ጡረታ የወጣሁ ልብስ ሰፊ ነኝ። አርባ ዓመት ሙሉ የሰው ትከሻና ወገብ ስለካ ኖሬ ነገርን ሳልለካ መናገር አይሆንልኝምና፣ ደብዳቤዬ ቢረዝምብዎ የሙያ አመል ነው ብለው ይለፉኝ።

ጉዳዬን ለማስረዳት በመጀመሪያ ስለ ባለቤቴ ጥቂት ማለት ይኖርብኛል። ባለቤቴ ሠላሳ አንድ ዓመት ሳይንስ ያስተማረች፣ ሠፈሩ ሁሉ እስከ ዛሬ «ቲቸር» እያለ የሚጠራት ሴት ናት። የዛሬ ሁለት ዓመት ከደረጃ ወድቃ ዳሌዋ ተሰበረ። ሐኪሙ ብረት አስገብቶ፣ ሰፍቶ፣ «ከዚህ በኋላ መድኃኒትሽ መራመድ ነው» ብሎ አሰናበታት፤ እሷ ግን ደረጃውን ፈራች፣ ቀጥላ ወለሉን ፈራች፣ በመጨረሻ ከአልጋ መውረዱን ራሱን ተወችው። ስለምናት ሰነበትኩ፤ አልሰማችኝም። ከአልጋ ያስነሳት በእርጎ ጣሳ የዘራቻት አንዲት የቲማቲም ፍሬ ናት። መስኮቱ ሥር አስቀምጫት ነበርና፣ በቅላ እንደሆነ ለማየት አንድ ቀን ጠዋት ግድግዳውን ይዛ ተነሣች። ከአልጋው እስከ መስኮቱ ሰባት እርምጃ ነው፤ በሜትር ለክቼዋለሁ፣ አራት ከሩብ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ጣሳው ሁለት ሆነ፣ ሁለቱ መደርደሪያ ሞላ፤ ቲቸርም ያችን አራት ሜትር ከሩብ በቀን አርባ ጊዜ ትመላለስባት ጀመር። ጎረቤቶቻችንም ለበረንዳቸው የሚሆን የቃሪያና የሰላጣ ችግኝ ከእሷ ይወስዱ ነበር።

ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ የእርስዎ ውለታ ስለሆነ፣ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ሕንፃው። ሰባት ፎቅ ያለውና ሰማያዊ መስታወት የለበሰው አዲሱ መሥሪያ ቤትዎ እጅግ ያማረ ነው፤ እኛም ሲሠራ ከአልጋችን ሆነን በቅርብ ስለተከታተልነው የራሳችን ያህል ይሰማናል። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ቀትር ድረስ መደርደሪያችን ላይ ተንጋሎ የሚውለው ፀሐይ፣ ፎቁ አንድ በጨመረ ቁጥር አንድ አንድ ሰዓት እየቀነሰ ሄደና አምስተኛው ወለል ሲሞላ እስከነአካቴው ቀረ። ችግኞቹም ብርሃን ፍለጋ እንደ ክር ቀጥነው አንገታቸውን ወደ መስታወቱ አሰገጉ። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ የሆነው አማቻችን ይህን አይቶ፣ ለቤት ውስጥ ተክል የተሠሩ አራት መብራቶች አምጥቶ ሰቀለልን። ብርሃናቸው በወይን ጠጅና በሮዝ መካከል ያለ ስለሆነ መኝታ ቤታችን የሠርግ አዳራሽ መሰለ፤ ችግኞቹ ግን በሳምንት ውስጥ ወገባቸው ቀጥ አለ።

ሁለተኛ፤ ስለ ክፍያው። መሥሪያ ቤትዎ ፀሐያችንን በነጻ ከወሰደ በኋላ በኪሎዋት መልሶ ሊሸጥልን መቻሉ የሚደነቅ የንግድ ችሎታ ነው። እያንዳንዱ መብራት አርባ ዋት፣ በቀን አሥራ አራት ሰዓት የሚበራ መሆኑን ቲቸር በእርሳስ አስልታ፣ በወር ከስድሳ ስምንት ኪሎዋት ሰዓት እንደማያልፍ አሳይታኛለች። ይሁንና ፍጆታችን ከታችኛው የታሪፍ እርከን ወደ ላይኛው ስለተሻገረ ቢላችን በአንድ ወር ሦስት እጥፍ ሆነ። ይህንንም አላጉረመረምንም። የውኃ ማሞቂያውን ነቀልን፤ እኔም መነጽሬን ጠርጌ የሠፈሩን ዚፕ መቀየር ጀመርኩ። ጥፋቴ፣ ቆጣሪው ይታይልኝ ብዬ ወደ መስኮት ቁጥር አራት መምጣቴ ነው። እዚያ የሚቀመጡት፣ ባለጉዳይ ሁሉ «ነገ ይመለሱ» የሚል ስም ያወጣላቸው ሠራተኛዎ፣ ለአራት ቀናት በስማቸው ካስተናገዱኝ በኋላ በአምስተኛው ቀን ሁለት ተቆጣጣሪዎች ላኩልኝ።

ተቆጣጣሪዎቹ ጨዋ ሰዎች ናቸው፤ ጫማቸውን በር ላይ ጠርገው ገቡ። አንደኛው መብራቶቹንና መደርደሪያውን ከቃኘ በኋላ የማምረቻ ድርጅት ቅጽ ዘርግቶ «የሠራተኛ ብዛት?» ሲል ባለቤቴን ጠየቃት። እሷም በራሷ የምትቀልድ መስሏት «አንድ፤ እሱም በምርኩዝ ነው የሚሄደው» አለችው። እሱም «አንድ» ብሎ ጻፈ። «ሥራው በስንት ፈረቃ ነው?» አላት። «ወገቤ እንደፈቀደ» አለችው፤ ይህንንም ጻፈ። በሚቀጥለው ወር የደረሰን ቢል በኢንዱስትሪ ታሪፍ የተሠራ ሲሆን፣ ከአምራቾች ተርታ ስላሰለፋችሁን ክብር ተሰምቶኛል፤ ክብሩ የፈጀው የጡረታዬን ግማሽ ብቻ ነው።

ሦስተኛ፤ «ለቢሮ አገልግሎት ብቻ»። (ቅጻችሁ ላይ እንዲህ ተብሎ ባዶ የሚተወውን ቦታ አይቼ፣ እኔም ለእርስዎ መልስ ይሆን ዘንድ ባዶ ትቼዋለሁ።)

አራተኛ፤ ስለ መቁረጡ። ቤታችን ፋብሪካ አለመሆኑ እስኪጣራ ድረስ በመኖሪያ ቤት ታሪፍ ልክፈል ብዬ በጽሑፍ አመለከትኩ። መልስ በወር እንደሚሰጥ ተነገረኝ፤ እኔም የመጀመሪያውን ቢል ከፍዬ ሁለተኛውን መልሱ እስኪመጣ አቆየሁት። እንዲያው ሰው ይታማል እንጂ መሥሪያ ቤትዎ ፈጣን ነው፤ በሳምንቱ ማክሰኞ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ መሰላል የያዘ ባለሙያ መጥቶ መስመሩን ቆረጠው። ልጁ ቀና ብሎ አላየኝም፤ «አባባ፣ እኔ የታዘዝኩትን ነው» አለና ሽቦውን ጠቅልሎ ወረደ። በእሱ አልፈርድም።

ዘጠኝ ቀን መብራት አልነበረንም። በሦስተኛው ቀን ችግኞቹ ቢጫ ሆነው ተኙ። ባለቤቴም ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ አብራቸው ተኛች። ሰባቷን እርምጃ አልሄደችም። ምሳ ይዤ ቀርቤ «ተነሺ እንጂ» ብላት፣ «ማንን ለማየት?» አለችኝ። ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ይህን ደብዳቤ ስጽፍ በሌላው ሁሉ ስቀልድ መጥቻለሁ፤ በዚህች ጥያቄ ግን ልቀልድ ብሞክር እጄ እምቢ አለኝ። አርባ ሦስት ዓመት አብሬያት ስኖር እንዲህ ባለ ድምፅ ተናግራኝ አታውቅም።

እኔም ሳህኑን አስቀምጬ የጎረቤት በር ማንኳኳት ጀመርኩ። በሕንፃችን ጀርባ በኩል ያሉ ቤቶች ከሰዓት በኋላ ፀሐይ አላቸው። አራተኛ ፎቅ ያለችው ነርስ ሦስት ትሪ ወሰደች፤ ምድር ቤት ያለው ጡረተኛ ሹፌር ሁለት፤ ሦስተኛ ፎቅ ያሉት መንታ እህትማማቾች የተረፈውን ተካፈሉ። መደርደሪያው ባዶ ሲሆን ቲቸር ፊቷን እንደገና ወደ ግድግዳው መለሰች።

አምስተኛ፤ ስለ ሕክምና አገልግሎታችሁ። በስድስተኛው ቀን ነርሷ ደረጃ ላይ አግኝታኝ «ጠዋት ማታ ውኃ እያጠጣኋቸው ነው» ብላ ያበሠረችኝን ወሬ ለባለቤቴ ነገርኳት። ቲቸር ከአልጋዋ ቀና አለች። «ጠዋት ማታ?» አለች። «ሥሮቻቸውን ልታበሰብስብኝ ነው! ምርኩዜን ስጠኝ።» ምርኩዙን ሰጠኋት። ሁለት ዓመት ያልረገጠችውን፣ የወደቀችበትን ያንኑ ደረጃ፣ ሠላሳ ስድስት እርከን፣ በግማሽ ሰዓት ወጣችው። እኔ ከኋላዋ ሁለት እጄን ዘርግቼ ተከተልኳት። ነርሷ በሩን ስትከፍት ባለቤቴ ሰላምታም ሳትሰጥ ገብታ ጣቷን አፈሩ ውስጥ ነክራ «ዋና ልታስተምሪያቸው ነው እንዴ?» ብላ ተቆጣቻት። ነርሷ እየሳቀች አለቀሰች። እኔ ያለቀስኩት ቆይቼ፣ ደረጃው ላይ ነው።

ስለዚህ ሐኪሙም እኔም ያልቻልነውን የእናንተ ቆራጭ ችሏልና፣ በበርዎ ላይ ካለው ምልክት ጎን የአጥንት ክሊኒክ የሚል ቢጨምሩበት አልቃወምም። ብቻ ሌሎች ታካሚዎችዎ ጎረቤት ያላቸው መሆኑን አስቀድመው ያረጋግጡ።

ስድስተኛ፤ ስለ መቀጠሉ። በአሥረኛው ቀን «በተደረገው ማጣራት ቤቱ የማምረቻ ድርጅት አለመሆኑ ተረጋግጧል» የሚል ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ደረሰን፤ መብራቱም መጣ። ከደብዳቤው ጋር የማጣሪያ፣ የመቁረጫና የመቀጠያ ሂሳብ ተያይዟል። እኔ በሙያ ዘመኔ የደንበኛ ሱሪ በስሕተት አሳጥሬ አውቃለሁ፤ ነገር ግን የማሳጠሪያም የማስረዘሚያም ዋጋ መጠየቅ እንደሚቻል ሳላውቅ ጡረታ መውጣቴ ዛሬም ይቆጨኛል።

አሁን የምንገኝበትን ሁኔታ ላሳውቅዎ። ከአራቱ መብራቶች ሁለቱን አጥፍተናል። ቲቸር ትሪዎቿን ከጎረቤት አልመለሰችም፤ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ምርኩዟን ይዛ ፎቅ ለፎቅ እየዞረች ትቆጣጠራቸዋለች፤ ነርሷም ውኃ የምታጠጣው በፈቃድ ነው። የምጠይቅዎ ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ በስሕተት በኢንዱስትሪ ታሪፍ የከፈልነው ልዩነት እንዲመለስልን፣ የሦስቱም አገልግሎት ሂሳብ እንዲሰረዝልን። ልመና አይደለም፤ ልኩ ይህ ስለሆነ ነው።

ውድ ጊዜዎን በመሻማቴ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ በጥላዎ ሥር ከምንኖር ቤተሰቦች ሁሉ የአክብሮት ሰላምታዬ ይድረስዎ።

የቀድሞው ባለ ፋብሪካ፣
የአሁኑ ዚፕ ቀያሪ

ማስታወሻ፤ ይህን ደብዳቤ ለእርስዎ ብቻ እንዲደርስ አስቤ በመግቢያችሁ ባለው የሐሳብ መስጫ ሣጥን ልከተው መጥቼ ነበር። ሣጥኑ እስከ አፉ ሞልቶ አልገባልኝም። ዘበኛውን «መቼ ነው የሚከፈተው?» ብዬ ብጠይቀው፣ ቁልፉን ይዘውት የነበሩት ሠራተኛ ከሦስት ዓመት በፊት ጡረታ መውጣታቸውን ነገረኝ። ስለዚህ በአጥሩ ላይ ለጥፌዋለሁ፤ ከእርስዎ በፊት መንገደኛው ሁሉ ቢያነበው አይቀየሙኝ።