በአገልግል የተቀዳው ካሴት

መካነ ሰላም
ቅዳሜ፣ የካቲት 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ተቆጥቻት ለማላውቃት፣ ዛሬ ግን ለምቆጣት ልጄ፣ ለየኔአለም፤

ጤናሽ እንዴት ነው? እኔ ከካልሲ በቀር ደህና ነኝ።

በካልሲው ላይ ክስ አለኝ። ሰባት ጥንድ ላክሽልኝ፤ በእያንዳንዱ ላይ የሳምንቱ ቀን በእንግሊዝኛ ተጽፎበታል። አያ ደሳለው ምኑን ያነበዋል ብለሽ ይሆናል። እኔ እንግሊዝኛን ከሬዲዮ ጀርባ ላይ ነው የተማርኩት፤ ካልሲ አያቅተኝም። የሚያቅተኝ ቀኑን ማስታወስ ነው። ማክሰኞ ዕለት የእሁዱን አድርጌ ስወጣ መምህር ይሄነው መንገድ ላይ አስቆመኝና፣ «አያ ደሳለው፣ ዛሬ ቅዳሴ ነበር እንዴ?» አለኝ። ስልሳ ዓመት ሙሉ ምንም ጠይቆኝ የማያውቅ እግር አሁን በየጠዋቱ ቀን ይጠይቀኛል። ያም ሆኖ ስድስቱን ለምጃቸዋለሁ። የሐሙሱ ግን እስካሁን ከነወረቀቱ ነው።

ደብዳቤ ጻፈ ብለሽም አትሳቂብኝ። ኔትወርኩ እንደምታውቂው ነው፤ ሲመጣም የሚገኘው ሰው ሁሉ ተሰብስቦ በሚያወራበት ጉብታ ላይ ነው። ይህን ደግሞ ጉብታ ላይ ቆሜ አልናገረውም። የጎረቤታችን ልጅ ኡምኩልሱም ሰኞ ወደ ሪያድ ትመለሳለች፤ ደብዳቤውንና ያዘዝሽኝን ሚሞሪ ይዛልሽ ትመጣለች።

ከጠዋት ጀምሮ ሦስት ጊዜ ጽፌ ቀድጃለሁ። እቀመጣለሁ፣ እነሳለሁ። የምበይደው ሳይኖረኝ መበየጃውን አሞቃለሁ። ምንም ያልሆነ የደንበኛ ሬዲዮ ፈትቼ መልሼ ገጠምኩ፤ አንድ ብሎን ተርፎኛል።

ያስጨነቀኝ ያንቺ መልእክት ነው። «አያ፣ እማዬ ስልኬን ካላነሳች ቢያንስ ድምጿን ስጠኝ። ያንን የድሮ ባንድ ካሴት ቅዳልኝ፤ መሃሉ ላይ ስትስቅ ይሰማል» አልሽኝ። አሠሪዎችሽም እስከ ወሩ መጨረሻ መልስ እንደሚፈልጉ ነገርሽኝ። እናትሽ «ነይ» ካለችሽ ለፋሲካ ትመጫለሽ፤ ካላለችሽ ሌላ ሁለት ዓመት ትፈርሚያለሽ።

እናትሽ ወረኢሉ ናት፤ ደህና ናት። የላክሽላትን ሻርፕ ከነፌስታሉ በሰው እጅ ለኔ መልሳዋለች። ስለ አንቺ የምትለውም ያችኑ ነው፤ «ያለ ስንቅ ከቤት የወጣች ልጅ የኔ አይደለችም።» መሄድሽን አውቅ እንደነበር ስለምትጠረጥር የኔንም ደጃፍ ከረገጠች አራት ዓመት አለፋት። የእህቴን የአልታዬን ጥርጣሬ ደግሞ ታውቂዋለሽ፤ እንደ ደከመ በሬ ነው፤ አንዴ ከተኛ በጅራፍም አይነሳ።

አሁን ወደ ካሴቱ።

አንቺ የምታውቂው ፊቱን ብቻ ነው። ልጅ ሆነሽ ልትገለብጪው ስትይ፣ «ተይ፣ ቴፑ ይበላዋል» እያልኩ እነጥቅሽ ነበር። ቴፑ ምንም በልቶ አያውቅም።

ዘመኑ 1980 ነው፤ ደሴ፣ እሁድ ከሰዓት በኋላ። አዝዋ ባንድ የሚባሉ አምስት ጎረምሶች ነበሩ፤ ባቲን በኤሌክትሪክ ጊታር እየጎተቱ ሮክ የሚያደርጉት፣ ሽማግሌ የሚሸሻቸው፣ ወጣት የሚሞትላቸው። አንድም ካሴት ሳያወጡ ተበታተኑ፤ ስለዚህ ድምፃቸው ከኔ እጅ በቀር የትም ያለ አይመስለኝም። የአዳራሹ በር ላይ «መቅዳት ክልክል ነው» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። እኔ ያኔ የሰው ሬዲዮ እየፈታሁ ሙያ የምሰርቅበት ጊዜ ነው፤ አንድ ነጋዴ ጠግነው ብሎ የሰጠኝ ቴፕ ነበረኝ። እናትሽ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት። የስንቅ አገልግሏን አመጣች፤ ቴፑን ውስጡ ከተተችና በላዩ አንድ እንጀራ ዘረጋችበት።

ዘበኛው፣ «ምንድን ነው?» አላት።

«ሆስፒታል ለተኛች አክስቴ ምሳ ነው።»

«ታዲያ ሆስፒታል አትሄጂም?»

«አሁን እንቅልፍ ወስዷታል። እስክትነቃ ነው።»

ዘበኛው ክዳኑን ከፈተ፤ ከእንጀራው ዳር ቆርሶ ጎረሰና አስገባን። ትንሽ ርቦት ቢሆን ኖሮ ቴፑ ላይ ይደርስ ነበር። አንቺ የምታውቂው ሳቅ ከገባን በኋላ የሳቀችው ነው።

አገልግሉ ቆዳ ስለሆነ ከበሮው ከጉድጓድ ውስጥ የሚመታ ይመስላል። በየዘፈኑ መሃል የሚያስለውም እኔ ነኝ፤ ጉንፋን ይዞኝ ነበር። «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ይባል የለ? ስርቆቱን ያን ቀን ሠርቻለሁ። ጸሎቱ ደግሞ ይኸው፤ ከነገ ወዲያ ጾም ይገባል።

ጀርባው ላይ ሦስተኛው ዘፈን ሲያልቅ የጊታሩ ክር ይበጠሳል። ክሩን እስኪቀይሩ አዳራሹ ጸጥ ይላል። አገልግሉ በእናትሽ ጉልበት ላይ ነው። የሻለም የምትላት የልብ ጓደኛዋ ናት። እንዲህ ይሰማል፤

«ደሳለው፣ ሐሙስ እሄዳለሁ።»

«የት?»

«አሰብ። የየሻለም አክስት ዘንድ። መኪናውንም የሻለም አግኝታልኛለች። ከዚያ ወዲያ ባሕሩ ያውቃል።»

«አብደሻል?»

«ገና ነኝ። ለእማዬ እንዳልነግራት ለአባባ ትናገራለች። ያለ ስንቅ ነው የምሄደው። አንተም ዝም ትላለህ።»

«ዝም እላለሁ።»

«ማል።»

«እመብርሃንን።»

ከዚያ አስላለሁ። ከዚያ ጊታሩ ይጮኻል።

ሰኞ ማለዳ በአውቶቡስ ለአባታችን ወረቀት ላክሁ። ረቡዕ ደሴ ደረሰ። ሐሙስ እናትሽ ወደ አሰብ ሳይሆን ወደዚህ መጣች፤ ከአባታችን ጎን ተቀምጣ፣ አገልግሏን ታቅፋ። በሚያዝያ ወረኢሉ ተዳረች።

ማን እንደተናገረ ጠይቃኝ አታውቅም፤ በሷ ግምት የተናገረችው የሻለም ናት። ሠላሳ ሰባት ዓመት ሙሉ ሰላም አላለቻትም። የየሻለም እናት ሲሞቱ እንኳ ለቅሶ አልደረሰችም። እኔ ደርሻለሁ። የሻለም ውሃ አቀበለችኝና፣ «ጋሼ ደሳለው፣ እኔ አልታዬን ምን በደልኳት?» አለችኝ። ውሃውን ጠጣሁ።

ለእህቴ ፈርቼ ነው እያልኩ ነው የኖርኩት። ፈርቼም ነበር። ነገር ግን ሰሞኑን ካሴቱን ላዘጋጅልሽ ብዬ፣ የቴፑን ራስ በአረቄ በነከርኩት ጥጥ ጠርጌ፣ «አብደሻል?» የምልበትን ቦታ ደጋግሜ ሰማሁት። የፈራ ሰው ድምፅ አይደለም። ባሕሩን እኔም እመኘው ነበር፤ እህቱ የቀደመችው ሰው ድምፅ ነው።

አንቺስ «ለእማዬ እንዳትነግራት» ስትዪኝ አፌን የዘጋሁት ደግ አጎት ሆኜ መሰለሽ? የበላሁትን መሐላ በሌላ መሐላ ልበይደው ፈልጌ ነው። ሙያዬ ሆኖ ሳለ እንደዚያ እንደማይያዝ ማወቅ ነበረብኝ። ያኔ በመናገሬ፣ ኋላ በዝምታዬ፣ የከፈለችው እሷው ናት።

እናትሽ ያንን ቦታ ብትሰማ ባንቺ ላይ የምትለው ያልቅባት ነበር። «ያለ ስንቅ ነው የምሄደው» የሚለው የገዛ አፏ ነው። ይህን አጥቼው አይደለም። ካሴቱን ይዤ ሁለት ጊዜ የወረኢሉ አውቶቡስ ላይ ወጥቼ ነበር፤ ሁለቴም ሳይነሳ ወረድኩ። ረዳቱ፣ «አባ፣ ምን ረሱ?» አለኝ። «ካልሲ» አልኩት።

ስለዚህ እንዲህ ወስኛለሁ። ምንም ሳልቆርጥ ሙሉውን እየቀዳሁልሽ ነው። የሚያገናኝ ገመድ ስለሌለኝ ስልኩን ስፒከሩ ፊት አቁሜዋለሁ፤ የቤቱ ኮሽታ ሁሉ ይገባል፤ የጎረቤት አውራ ዶሮም ሁለት ጊዜ ገብቶበታል። ካሴት እንደ እናንተ ስልክ አይቸኩልም፤ የሠላሳ ደቂቃው የሚያልቀው በሠላሳ ደቂቃ ነው። ፊቱ አልቋል፤ ይህን ስጽፍልሽ ጀርባው እየዞረ ነው። ሲደርስሽ ስሚው። ከዚያ በሰው ስልክም ቢሆን ለእናትሽ የምታሰሚያት አንቺ ነሽ። እኔ ፊቷ ቆሜ አልችልም። ስልሳ ዓመት በሰው ሳሾፍ ኖሬ ይህችን ማለት አቃተኝ።

አብሽሪ ልጄ። ከሰው አገር ክፉ ዓይን ይሰውርሽ። እጅሽ የነካው ይባረክ፤ እግርሽ የደከመበት መንገድ ወደ ቤትሽ ይመልስሽ። የወሎ ቦረና መላእክት ሁሉ፣ የጎረቤቶቻችንም ዱዓ ይከተልሽ። ካልሲ ግን ሁለተኛ እንዳትልኪ።

አጎትሽ ደሳለው

ቆይ፣ በር ተንኳኳ።

በመስኮት አየሁ። እናትሽ ናት። ከአውቶቡስ መውረዷ ነው፤ ነጠላዋ አቧራ ለብሷል። ያንን አገልግል በትከሻዋ አንግታዋለች፤ ማንገቻው ታድሷል እንጂ እሱው ነው።

«ደሳለው፣ አለህ ወይስ ጆሮህም ጥሎህ ሄደ?»

«አለሁ» አልኳት ከውስጥ።

«ኡምኩልሱም ሰኞ ትሄዳለች ሲሉ ገበያ ላይ ሰማሁ። በሶ ነው፤ የጾም ነው። ለዚያች ልጅ ስንቅ ስጥልኝ። ለፋሲካ ካልመጣች ግን አገልግሌን ትመልስ በላት። ተቀበለኝና ልሂድ፤ አንተ ቤት አልቀመጥም።»

የኔአለም፣ ሰማሽ? ካሴቱም እኔም ሳናስፈልግ በራሷ መጣች። «ነይ» ማለት በእናትሽ ቋንቋ ይኸው ነው፤ እንዳትፈርሚ።

አሁን ሦስተኛው ዘፈን እያለቀ ነው። እጄን ብዘረጋ ቴፑ ይዘጋል። አንቺ ትታረቂያለሽ፤ እኔም ደግ አጎት እንደሆንኩ እቀራለሁ። የሻለም ብቻ እንዳኮረፏት ትቀራለች።

«ምንድን ነው የምሰማው?» አለች ከበሩ ወዲያ። ድምጿ ዝቅ ብሏል። «ያ ባንድ ነው?»

ስልኩ አሁንም እየቀዳ ነው፤ ድምጿን ፈልገሽ አልነበር? የጊታሩ ክር ተበጠሰ። ቴፑን አልዘጋሁትም። በሩን ልከፍትላት ነው።