የኋላ በሩ አይቆለፍም

ሐሙስ፣ ጥቅምት 12 ቀን

ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ከርመሻል፣ ዓይኔ? እኛ ደህና ነን። እህትሽም ደህና ናት፤ ምላሷ ብቻ እንደ ድሮው ነው። ዛሬ ረጅም ደብዳቤ ልጽፍልሽ ነው፤ ጊዜው አለኝ። እናትሽ ፍርድ ቤት ቆማ ነበር! አትደንግጪ፣ ለምስክርነት ነው።

እንግዳ እየፈተሽኩ በማስገባበት ሕንፃ የኋላ በሩ ከተሰበረ መክረሙን ነግሬሽ ነበር። እኛ ፈታሾች ጠዋት ሥራ ስንረከብ በሮቹን ዞረን አይተን መዝገብ ላይ እንጽፋለን፤ የሕንፃው ኃላፊ ከሥሩ ይፈርማል። ሌሎቹ «ሰላም ነው» ብለው ይገላገላሉ። እኔ ግን «የኋላ በሩ አይቆለፍም፤ የማይታወቅ ሰው እየገባ ደረጃው ሥር ይቀመጣል» ብዬ በየቀኑ እጽፍ ነበር። ጓደኞቼ «ደራሲዋ» እያሉ ሳቁብኝ። ይሳቁ! አንቺ የቤት ሥራሽን እየሠራሽ ከጎንሽ አስቀምጠሽ ያስቆጠርሽኝን ፊደል ለመቼ ላስቀምጠው?

አምና አንዲት ልብስ ሰፊ ለሦስተኛ ፎቅ ደንበኛዋ ቀሚስ ልታደርስ መጣች። ከምሳ በኋላ ነው፣ በጠራራ ፀሐይ። ቦርሳዋን ፈትሼ «ግቢ እህቴ» ያልኳት እኔው ነኝ። በኋላ በር የገባ ወሮበላ ደረጃው ላይ ጠብቆ ደበደባት፤ ቦርሳዋን ነጥቆ በዚያው በር ወጣ። ቀኝ እጇ ተሰበረ። እስከ ዛሬ መቀስ በወጉ አትጨብጥም።

የሕንፃውን ባለቤት ከሰሰችው። እሱም «ሌባ ለሠራው እኔ ምን አገባኝ? በሩ መሰበሩንስ ማን ነገረኝ?» አለ። ኃላፊውም ዓይኑን በጨው አጥቦ «አልሰማሁም» አለ። ዳኛዋ መዝገቡን አስመጡና ማንበብ ጀመሩ። ልጄ፣ የእኔን ጽሑፍ! ጮክ ብለው! አርባ አንድ ቀን ሙሉ፣ ከእያንዳንዱ ሥር የኃላፊው ፊርማ። ለካ ሳያነብ ነበር የሚፈርመው። ያን ጊዜ ምነው አጠገቤ በነበረች ብዬ ተመኘሁሽ።

ከዚያ የባለቤቱ ጠበቃ ተነሣ። «ጉዳቱ በደረሰበት ቀን ጠዋት የጻፉትን ያንብቡልን፣ እናቴ» አለኝ።

«ሰላም ነው» ይላል። በእኔው እጅ የተጻፈ። ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም፣ ለአንቺም ጭምር።

«አርባ አንድ ቀን ጻፍኩ፣ የሰማኝ የለም። በአርባ ሁለተኛው ሰለቸኝ» አልኩ። «በሩ ግን ያን ቀንም አይቆለፍም ነበር። የዚያ ቀን ጥፋት የእኔ ነው፤ አልክድም። አርባ አንዱን ግን ባለቤቱ ይውሰዱ።»

ጠበቃው ተቀመጠ።

ትናንት ለልብስ ሰፊዋ ተፈረደላት። ዳኛዋ «በሩን ከፍቶ ሰው የሚያስገባ፣ አደጋ መኖሩን እያወቀ ዝም ካለ፣ ለገባው ሰው ይጠየቃል» አሉ። ውጭ ስንወጣ ስለዚያች ጠዋት ይቅርታ ጠየቅኳት። «አንቺ እኮ ነሽ የጻፍሽልኝ» ብላ በግራ እጇ አቀፈችኝ። አለቀስኩ፣ ምን ልደብቅሽ። በዕድሜዬ እንደ ትናንት ቀና ብዬ ሄጄ አላውቅም።

ከእንግዲህ ስትደውዪ በሕንፃው ስልክ አይሁን፤ በእህትሽ ይሁን። የደንብ ልብሴን አጥቤ፣ እንደ አዲስ ተኩሼ መልሼላቸዋለሁ። ስለ እኔ አታስቢ፤ እጄ ገና ብዙ ይሠራል።

የረገጥሽው ይለምልምልሽ። ክፉ ሰው በደጅሽ አይለፍ። የምታገኚው ሁሉ እንደ እናት ይይሽ።

እናትሽ፣ ደራሲዋ

የምትኖሪበት ሕንፃ የኋላ በሩ ይቆለፋል? ካልተቆለፈ ጻፊላቸው። በየቀኑ ጻፊ። አደራ፣ አንድ ቀን እንኳ እንዳይሰለችሽ።