ድልድዩ ላይ የቀረው ሰው

ይድረስ ለወንድሜ፣

እንደምን ሰንብተሃል? ባለቤትህና ልጆችህ ደህና ናቸው? የጉንደ ወይን ብርድስ እንዴት ይዟችኋል? እኛ ቤት ሁሉም ደህና ነው፤ ደብረ ማርቆስም እንዳለች ናት። ከሁሉ በፊት ግን ድምፅህ እንዴት ነው? ጉሮሮህን አያምህም? ለምን እንደጠየቅሁህ ወደ መጨረሻው ትደርስበታለህ።

ደብዳቤ መጻፌ አይግረምህ። ብደውል ትዘጋብኛለህ፤ ባትዘጋብኝም ነገሩን በቀልድ ታሳልፈዋለህ። የምጠይቅህ ጉዳይ በቀልድ የሚታለፍ አይደለም። አላውቅም እንዳትለኝ ከመጀመሪያው ጀምሬ እነግርሃለሁ።

ይታያልን ታውቀዋለህ፤ ገበያው ዳር ቤት ተከራይቶ ኳስ የሚያሳየው የደምበጫው ልጅ ነው። እዚህ ሰው ሁሉ ሊቀ ጠበብት የሚለው አንድ የአሜሪካ ዳይሬክተር አለ። ባለፈው ወር አርጅቻለሁ፣ ከእንግዲህ ፊልም አልሠራም ማለቱ ተሰማ። ይታያል ይህን ሲሰማ የሰውዬውን አድናቂዎች ሰብስቦ ከፊልሞቹ ሁሉ የሚወዱትን ሊያስመርጥ፣ ያሸነፈውንም በትልቁ ስክሪን ሊያሳይ አሰበ። እኔ ዘንድ የመጣው ከሥር የሚነበብ የአማርኛ ጽሑፍ እንድሠራለት ነው። ሊቀ ጠበብት የሚለውን ስም ማን አወጣለት አልኩት። ድሮም ስማቸው ነው አለኝ። ሀገራችንን ረግጦ የማያውቅ ፈረንጅ በቤተ ክህነት ማዕረግ ሲጠራ ያን ጊዜውኑ መጠርጠር ነበረብኝ።

ምርጫው ቅዳሜ ተደረገ። አግዳሚው ሞልቶ ቀሪው ሰው ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። አብዛኞቹ እንደ ይታያል ከደምበጫ የመጡ፣ አርባዎቹን ያጋመሱ ናቸው። መጀመሪያ የተነሱት መሪጌታ ገብረ ሚካኤል ነበሩ። የቆሎ ተማሪ ሳሉ ደበሎአቸውን ውጭ ደብቀው ቪዲዮ ቤት ይገቡ እንደነበር ሳያፍሩ ተናገሩ። አንዱ ከኋላ፣ መሪጌታ ንስሐ ገብተውበታል ወይ አላቸው። በሌላው ገብቻለሁ፤ በዚህስ ምን አጠፋሁ ብዬ፣ ጥሩ ፊልም ነበር አሉ። የመረጡት «ጎርፉ» የሚባለውን ነው። ምክንያታቸው መርከቡ ሊሰጥም ሲል ካፒቴኑ ዳዊት መድገሙ ነው። ሰውም ልክ ነው እያለ ራሱን ነቀነቀ። እኔ ያንን ፊልም አይቼዋለሁ። ካፒቴኑ የሚያደርገው መሳደብ ነው።

ቀጥላ ማሬ ተነሳች፤ መናኸሪያው አጠገብ ሰልባጅ ልብስ የምትሸጠው ናት። ለእኔ ከ«ድልድዩ» የሚበልጥ የለም አለች። ታናሹ ወንድም ድልድዩ ላይ ቀርቶ ታላቁን ሲያሻግረው በሬዲዮ የተናገራት ነገር እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልጠፋችም አለችና በቃሏ አወረደችው። አንተ ሂድ። ሁለታችንም ከሄድን አባታችን ብቻውን ይቀራል። ለሚጠይቁህ ሁሉ መሄድ ጠልቶ ቀረ በላቸው። ሳትጨርስ ግማሹ ሰው አብሯት ይል ነበር። መሪጌታ ሳይቀሩ ጎርፉን ትተው ወደ ድልድዩ ዞሩ። እጅ ሲወጣ ሌላ ፊልም የመረጠ ሰው አላየሁም።

ነገሩ የሸተተኝ እዚህ ላይ ነው። ዕድሜዬን ተማሪ ስፈትን የኖርኩ ሰው ነኝ። ትክክለኛ መልስ ብዙ ተማሪ ሊያገኘው ይችላል። ቃል በቃል አንድ ዓይነት የጻፉ ተማሪዎች ግን ከአንድ ሰው ቀድተዋል። ምናልባት ይታያል እጅ ላይ ያለው ፊልም ያው አንዱ ብቻ ሆኖ፣ ሰዎቹን አስጠንቶ አምጥቷቸው ይሆናል ብዬ ጠረጠርኩ። ፊልሙን በፍላሽ ተቀብዬ ቤቴ ገባሁ።

በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ተቀምጬ አየሁት። መጨረሻውን ደጋግሜ አየሁት። በፊልሙ ውስጥ ወንድማማቾች የሉም። ፈንጂ የሚያመክኑ ሁለት ወታደሮች ናቸው፤ እንዲያውም አይዋደዱም። አባት የሚባል ሰው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አይነሳም። ድልድዩ ላይ የሚቀረው ሰው በሬዲዮ የሚለው፣ ቶሎ በል ጊዜ የለም፣ ብቻ ነው። ከዚያ ይፈነዳል።

ሰኞ ሄጄ ይታያልን አፋጠጥኩት። ማሬ እዚያው ሻይ ትጠጣለች። ያ የምትሉት ነገር ፊልሙ ውስጥ የለም፤ ማን ነው ያስጠናችሁ አልኩ። ይታያል በሚያምንበት ታቦት ሁሉ ማለ። ማሬ ግን ሳቀች። መምህር፣ እንግሊዝኛው ፈጥኖብዎት ይሆናል አለችኝ። ይህን ለእኔ፣ ለእንግሊዝኛ መምህሩ። ይታያል ሳቁን ሊደብቅ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። አንቺ የት ነው ያየሽው አልኳት። ደምበጫ ነዋ፣ በገበያ ቀን፣ አባቴ እህሉን ሸጦ እስኪጨርስ አለች። እንግሊዝኛውን በምን ሰማሽው ታዲያ? እኛ መች እንግሊዝኛ ሰማን አለች። የፊልሙ ድምፅ ይዘጋና ተርጓሚው ጥግ ላይ ተቀምጦ በማይክ ይነግረናል። ሊጀምር ሲል ሁልጊዜ፣ ሊቀ ጠበብት ዛሬም አላሳፈሩንም ይላል፤ እኛ እናጨበጭባለን። ተርጓሚው ማን ነበር አልኳት። ይታያልን አየችው፤ ይታያል መሬት መሬቱን አየ። የእርስዎ ወንድም አይደል እንዴ አለች። የሚያውቁ መስሎን ነው እኮ።

አላውቅም ነበር። ያኔ ደምበጫ ቪዲዮ ቤት ትሠራ እንደነበር አውቃለሁ፤ በር ላይ የምትቆም፣ ጄኔሬተር የምታስነሳ ነበር የሚመስለኝ። ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጠ ሰው እንግሊዝኛ ይተረጉማል ብዬ ከየት ልጠርጥር? ደግሞም አልተረጎምክም፤ ከራስህ እያወጣህ ተናገርክ እንጂ። ያ ሁሉ ሰው ለፈረንጁ ያጨበጨበው ፈረንጁ ላልሠራው ፊልም ነው። እኔ የአንድ ቃል ትርጉም ለማቅናት ከተማሪ ጋር ስጨቃጨቅ ስኖር፣ አንተ የካፒቴኑን ስድብ ዳዊት አድርገህ ለመሪጌታ አስረከብክ። ይህ ብቻ ቢሆን ተቆጥቼህ በተውኩት።

መሄድ ጠልቶ ቀረ። ይህን አነጋገር ከየት አመጣኸው? ዩኒቨርሲቲ በገባሁ በመጀመሪያው ክረምት ወደ ቤት ስመለስ አንተን ከበሬ ኋላ አገኘሁህ። አባታችንን፣ ይህ ልጅ ትምህርቱን ምን አድርጎ ነው አልኩት። ጠልቶ ቀረ አለኝ። አንተን ጠየቅሁህ። ጠልቼ ቀረሁ አልክ፤ ሳቅህም። ሁለታችሁም ቃል በቃል አንድ ዓይነት መለሳችሁልኝ። እንዲህ ያለ መልስ ሳይ ምን እንደምል ከላይ ጽፌልሃለሁ። ተማሪዎቼን በአንድ እይታ የምይዝ ሰው እናንተን ሳልይዝ ይህን ያህል ዘመን መቆየቴ ያናድደኛል።

ረቡዕ መኪና ስላገኘሁ ደምበጫ ወረድኩ፤ ወደ አክስታችን ወደ እትዬ ወለተ ሰንበት። ዓይናቸው ደክሟል፣ ልባቸው ግን እንደ ድሮው ነው። ሰላምታችንን ስንጨርስ፣ ወንድሜ ትምህርት ያቆመ ጊዜ ከአባታችን ጋር ምን ተባብለው ነበር አልኳቸው። ሌላ ቃል አልጨመርኩም። ነጠላቸውን ሲያስተካክሉ ቆዩና፣ ማን ነገረህ አሉኝ። ማንም አልነገረኝም አልኩ። እንግዲያው እኔም አልነገርኩህም አሉና ዘንድሮ ጤፉን ውርጭ እንዴት እንደመታው ያወሩልኝ ጀመር። ወደ ነገሩ ብመልሳቸው ብመልሳቸው እምቢ አሉ። ስወጣ ግን ምርኩዛቸውን ይዘው እስከ በሩ ተከተሉኝ። አደራ፣ ወንድምህን እንዳትቆጣው አሉኝ። ምን አድርጎኝ ነው የምቆጣው ብላቸው በሩን ዘጉብኝ።

በአባታችን ተዝካር ቀን በሰው ፊት ያልኩህን አልረሳኸውም። የመማር ዕድልህን በገዛ እጅህ ጣልክ ብዬሃለሁ። ያልኩት የማውቀውን ነው። አንተ ግን መልስ ነበረህ። ለማታውቀው ገበያተኛ ሁሉ በማይክ የነገርከውን ለእኔ ለመንገር ምን ከለከለህ? ቀና ብለህ አንድ ቃል ብትል በቂ ነበር። አንተ የጠላ ዋንጫህን መሬት አስቀምጠህ ከድንኳኑ ወጣህ። ከዚያ ወዲህ ድምፅህን አልሰማሁም።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልምጣ። የፊልሙን ጽሑፍ ጨርሻለሁ። እንደምታውቀኝ አንድ ቃል አልጨመርኩም፣ አንድ ቃል አላጎደልኩም። ድልድዩ ጋ ስደርስ፣ ቶሎ በል ጊዜ የለም፣ ብዬ ጻፍኩና አጠፋሁት። ትርጉሙ እሱ ነው፤ ፈተና ላይ ሌላ የጻፈ ተማሪ ዜሮ ያገኛል። የአንተን ቃል ልጽፈው ሞከርኩ፤ እሱንም አጠፋሁት። እኔ ልጽፈው የምችል ነገር አይደለም። ስለዚህ ያንን ቦታ ባዶ ትቼዋለሁ። እዚያ ላይ ሲደርስ ይታያል ድምፁን ይዘጋዋል። ማይክ አለው፤ ሞክሬዋለሁ፣ ይሠራል።

የሚታየው በሚቀጥለው ሳምንት እሑድ ከሰዓት ነው። መሪጌታ ዘንድሮ የሚደብቁት ደበሎ ስለሌላቸው ከፊት እንደሚቀመጡ ነግረውኛል። አዳርህ እኔ ቤት ነው። ምንም ነገር በሰው ፊት አልጠይቅህም።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ያ ድልድዩን የተሻገረው ታላቅ ወንድም በሬዲዮ ምን ብሎ እንደሚመልስ ማሬን ጠይቄያት ነበር። ምንም አይልም አለችኝ፤ ሳይመልስለት ይፈነዳል። ሁለተኛ ማይክ እንዲያመጣ ለይታያል ነግሬዋለሁ።

ኪዳነ ምሕረት ከደጅህ እስከ ደጄ ትከተልህ፤ ልጆችህንም ለወግ ታብቃልህ። ስትመጣ አንገትህን ሸፍን፤ ብርዱ ለድምፅ አይሆንም።

ማዶ የተሻገረው ታላቅህ