ጠርዙ በቀይ ክር የተሰፋው ቀሚስ

ልደታ፣ ኅዳር ፲፱፻፸፪

ይድረስ ለወንድሜ ለጋሼ ወልደገብርኤል፤

ከነልጆችዎ፣ ከነከብትዎ እንደምን ከረሙ? እኔ ልደታ ማርያም ትመስገን ቆሜ እሄዳለሁ።

የቀበሌያችን ኪነት ለገበሬ ማኅበራችሁ ሊጨፍር ገበያችሁ መጥቶ ነበር። ልጄ አስካለም አብራቸው ነበረች፤ ከሕፃንነቷ ወዲህ ስላላዩአት ላይለዩአት ይችላሉ። መኪናው ሐሙስ ተመለሰ፤ እኔ ግን የአስካለን እራት እስከ ዛሬ ከድኜ አሳድራለሁ። እሁድ አዳራሽ ጠሩን፤ የቀረ ስሙ ይያዛል ተባለ። ሊቀመንበሩ «ሁሉም በድል ተመልሰዋል» አሉ። አጨበጨብን። እኔም አጨበጨብኩ፣ እጅ አለኝ አይደል።

ከዚያ የኪነት ልጆቹ ስለ ምርት ዘፈኑ። እኛ ለስኳር ተሰልፈን እንውላለን። ከጨፋሪዎቹ አንዷ የለበሰችው ለአስካለ የሰፋሁትን ቀሚስ ነው፤ ነጭ ክር አልቆብኝ ጠርዙን በቀይ የዘመዘምኩት። ልጅቷ ቀጭን ስለሆነች ወገቡን በመርፌ ቁልፍ ይዘውላታል። ደህና ጨፈረች፣ እሷን አልወቅስም። ስለ ቀሚሱ ኃላፊያቸውን ብጠይቅ፣ «ጓድ ትርፌ፣ ልብሱ የጋራ ነው» አሉኝ።

ጋሼ፣ ሌላ ምንም አልጠይቅዎትም። እናንተ ዘንድ ሲጨፍሩ ቀሚሱ ለለበሰችው ልጅ ልኳ ነበር? እሱን ብቻ ጽፈው በሰው እጅ ይላኩልኝ።

የሁላችሁንም ዓይን በደህና ያሳየኝ።

እህትዎ ትርፌ