ሮዝ የጠየቀችን ጥያቄ

እሑድ

ሮዝ ዛሬም ብቻዋን ተቀመጠች። እሷ አግዳሚው ላይ አረፍ ስትል እትዬ አስቴር ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ ወደ ፊት ሄደች፤ ልጆቿም ተከተሏት። ሮዝ እንዳላየች ሆና መዝሙሩን ቀጠለች። ከቱርካና፣ እኛ ሐበሾች ድንበር ተሻግረን ወደምንኖርባት ከተማ፣ ተመድቦ የመጣ የፖሊስ ልጅ ናት። አማርኛውን የለቀመችው ከእኛው ኳየር ነው፤ ድምፅዋ ግን ከሁላችንም ይበልጣል።

ምሳ ላይ አባዬ ስለ እሷ ሲያወራ በአንድ ቃል ጠራት። እዚህ አልጽፈውም። ሰው እንደ ከብት ይሸጥ ከነበረበት ዘመን የቀረ ቃል ነው። አባዬ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ነው። ጠዋት "ሁላችን በክርስቶስ አንድ ነን" ብሎ የጸለየውም እሱ ነው። ምግቤን ትቼ ተነሣሁ።

ሰኞ

መጸለይ አልቻልኩም። ተንበረከክኩ፤ ምንም። ግድግዳው ላይ ያለው ካላንደር የኢየሱስ ሥዕል አለበት፤ ፀጉሩ ወርቃማ፣ ዓይኑ ሰማያዊ። ስንት ዓመት ሳየው ኖሬ ዛሬ "አንተ የማን ነህ?" አልኩት። ሮዝ ዓይኗን ጨፍና ስትጸልይ የማን ፊት ይታያታል? በስሙ የምንሰበሰበው ሰዎች ቀለም የምንመርጥ ከሆነ፣ የምናወራለት አምላክ በእርግጥ አለ?

ጻፍኩት። መብረቅ አልወረደብኝም።

ማክሰኞ

ማንያታ ሰፈር ሮዝን አገኘኋት። የያዘችውን ጀሪካን መሬት አስቀምጣ፣ "ዳዳ፣ ከእንግዲህ አልመጣም" አለችኝ። ዳዳ፣ እህቴ ማለቷ ነው። አባቷ መጀመሪያም "ሐበሾች ይንቁናል፣ አትሂጂ" ብሏት ነበር።

"እኔ ግን የክርስቶስ ቤት ውስጥ እንደዚያ የለም ብዬ ተከራከርኩት። አሁን ምን ልበለው?"

"ሐሙስ የወጣቶች ፕሮግራም አለ፤ ማንኛውም ጥያቄ ይፈቀዳል። ይህንኑ እዚያ ጠይቂ" አልኳት።

"አጠገቤ ትቀመጫለሽ?"

እቀመጣለሁ አልኳት።

ረቡዕ

የጥያቄውን ፕሮግራም የጀመረው የወጣቶች መሪያችን ዳዊት ነው። ሥራው የጭነት መኪና መጠገን ነው። ሽማግሌዎቹ ጠርተው "ልጆቹን ጥርጣሬ እያስተማርክብን ነው" አሉት። እሱም "አላስተማርኳቸውም። ውስጣቸው የነበረውን አውጥተው እየተናገሩ ነው" አላቸው። ነገ አንድ ሽማግሌ መጥቶ ያዳምጣል። ካልወደደው ፕሮግራሙ ይዘጋል።

የሚመጣው አባዬ ነው።

ሄጄ ለሮዝ ነገርኳት። "ይሻላል፣ እሱም ይስማ" አለች። ምን ዓይነት ልጅ ናት!

ሐሙስ

ሳይጠፋኝ ልጻፈው።

አባዬ ከኋላ ተቀመጠ። ሮዝ ተነሣች። አማርኛው ሲያጥራት በስዋሂሊ እየሞላች፣ "እኔ ስቀመጥ ሰው ለምን ይነሣል? እኔንም በመልኩ ፈጥሮኝ የለም?" አለች።

ዳዊት "ማን ይመልስላታል?" አለ።

ሹፌሩ አቤል ተነሣ። "አባትሽ እኮ መልካችንን አይቶ ብቻ ኪፓንዴ፣ መታወቂያ አምጡ፣ ይለናል። መታወቂያዬን እያሳየሁት ፀሐይ ላይ አስቀምጦኝ ውሏል።"

"አውቃለሁ" አለችው ሮዝ። "እሱንም ቤት ውስጥ እየሞገትኩት ነው። ከእናንተ የማሳየው ነገር ባገኝ ብዬ ነው የመጣሁት።"

አቤል ተቀመጠ።

ከዚያ ሳላስበው ብድግ አልኩ። "እኔ ከእሑድ ጀምሮ አልጸለይኩም" አልኩ። "አምላክ መኖሩን እስከ መጠራጠር ደርሻለሁ። ያጠራጠረኝ የሆነ ትምህርት አይደለም፤ እኛው ነን። ሮዝ በገዛ ቤቴ በምን ስም እንደምትጠራ ስለሰማሁ ነው።"

ወደ አባዬ አልዞርኩም። ወንበሩ ሲንሸራተት ግን ሰማሁ። ወጥቶ ሄደ።

ሮዝ እጄን ያዘችኝ። ፈርቻለሁ። ቢሆንም ወደ ቤት የሄድኩት ቀና ብዬ ነው።

ዓርብ

አባዬ ቁርስ ላይ አላናገረኝም። እማዬ አንዴ እሱን አንዴ እኔን ታያለች። ሆቴላችን በሹፌሮች ተሞልቷል፤ ወሬው ሁሉ ከድንበሩ ማዶ፣ አገር ቤት፣ ስለሚደረገው የሚሌኒየም ዝግጅት ነው። እኔ ጆሮም አልነበረኝ።

ከሰዓት ዕቃ ሳጥብ መጥቶ አጠገቤ ቆመ።

"አሳፈርሽኝ" አለ።

ማጠቤን ቀጠልኩ።

"ከሆሳዕና አዲስ አበባ የገባሁ ጊዜ በአማርኛዬ ይስቁብኝ ነበር። ተቀጥሬ የምሠራበት ቤት የምበላበትን ሳህን ለብቻው ነበር የሚያስቀምጡት። ነግሬሽ አላውቅም።" ከዚያ "ውሸት ግን አልተናገርሽም" ብሎኝ ሄደ።

ቅዳሜ

ፕሮግራሙ ይዘጋ አይዘጋ የሚያውቅ የለም። ዳዊት ቡቲዬ ሰፈር ድረስ እየዞረ ወጣቶቹን "ነገ እንዳትቀሩ" ሲል ዋለ። እኔ ካላንደሩን አወረድኩት። እማዬ ትቆጣለች ብዬ ነበር፤ "ግድግዳው ለካ እንዲህ ቆሽሿል" ብቻ አለች።

እሑድ

ሮዝ መጣች፤ እናቷንም ይዛ!

አባዬ የመክፈቻውን ጸሎት ሊመራ ቆመና አልጸለየም። "ከጸሎቱ በፊት አንድ ነገር አለብኝ" አለ። "እዚህ ያለችን ልጅ ቤቴ ውስጥ ሰው በማይጠራበት ስም ጠርቻታለሁ። ሮዝ፣ ይቅር በይኝ።" በጉባኤው ፊት! ለማንም ዝቅ ብሎ የማያውቀው አባዬ!

ሮዝ ከመቀመጫዋ ተነሥታ በእሺታ አንገቷን ነቀነቀች። እትዬ አስቴር ልጆቿን ይዛ ወጣች። ሌሎችም ተከተሏት። የቀረነው ዘመርን። ሮዝ አንድ መዝሙር በቱርካና ቋንቋ መራች፤ ቃሉ ባይገባንም አብረን አጨበጨብን። የወጣቶቹ ፕሮግራም አይዘጋም ተብሏል።

ጸለይኩ? ትንሽ። "ካለህ፣ ዛሬ ያየሁህ መሰለኝ" አልኩ። ሌላ አልጨመርኩም፤ የቀረኝ ጥያቄ ብዙ ነው።

ስንወጣ የሮዝ አባት ዩኒፎርሙን እንደለበሰ ከበሩ ውጭ ቆሞ ይጠብቃቸዋል። ግቢውን አልረገጠም። አባዬ ራሱ ወደ እሱ ሄደ። ረጅም ጊዜ አወሩ። አንዳቸውም አልሳቁም፤ ሰውየው ክንዱን እንዳጣመረ ነበር። በመጨረሻ ግን ተጨባበጡ።

አባዬ ላቡን እየጠረገ ተመለሰ። "ይህን ሁሉ ዓመት ኖሬ ስዋሂሊዬ አይረባም" አለኝ። "ግማሹም የገባው አይመስለኝ።"

ይሁን። አባቴ ነው፤ ሰው ሁሉ ይወቅልኝ።